ምዕራፍ ሰባት፦ በአየር የተሠራ ቤት — ኬክ አራዳ ላይ ለምን ይሰምጣል?

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመት ሊሞላው ሲል ኬኩን ራሱ አዘዘ፦ ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ ታክሲ። ያኔ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ አራዳ ውስጥ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለ መንደር ነበር። ኬክ ቤት ከማዘዝ እቤት ልሥራለት ብዬ ተነሳሁ። አንድ የእንግሊዝ የኬክ መጽሐፍ ነበረኝ፤ እሱን ገልጬ ዱቄቱንም ስኳሩንም በሚዛን ለካሁ፣ አንዲት ግራም አላዛነፍኩም። በኦቨኑ መስታወት አጮልቄ ሳይ ኬኩ እየተነፋ ከመጋገሪያው አፍ አልፎ ጉብ ብሏል። ደስ አለኝ። ጥቂት ደቂቃ ሳይቆይ ግን መሐሉ ቀስ እያለ መውረድ ጀመረ። ሳወጣው ዳር ዳሩ ቆሟል፣ መሐሉ እንደ ወጭት ጎድጉዷል። በቢላ ስከፍለው ደግሞ ከሥሩ እንደ ገንፎ የሚያጣብቅ ሊጥ ወጣ።

ጎረቤታችን የነበሩት እናት ድሬዳዋ ተወልደው ያደጉ ናቸው። መጥተው አዩትና፣

“ቤኪንግ ፓውደር ምን ያህል ጨመርሽበት?” አሉኝ።

“መጽሐፉ ያለውን ነው እትዬ፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ።”

“እኔም ድሬ ሳለሁ ሁለት ነበር የማደርገው። እዚህ መጥቼ እየወደቀ ሲያስቸግረኝ አንድ ተኩል አደረግሁት። የዚህ አገር አየር አይችለውም፣ ልጄ።”

እትዬ ስለ አየር ግፊት መጽሐፍ አላነበቡም። የተናገሩት ግን ከነቁጥሩ ትክክል ነው። ይህ ምዕራፍ የእሳቸውን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚያብራራ ነው። ያ ነገር ከገባን በታክሲ፣ በጀበና፣ በመሶብም ሆነ በፈለግነው ቅርጽ ኬክ ለመሥራት አንቸገርም።

ኬኩ ቀዳዳው ነው

በምዕራፍ ሁለት የእንጀራን ዐይን አይተናል። እርሾው የፈጠረው ጋዝ ከሊጡ ወጥቶ ሲሄድ የተወው መንገድ ነው ዐይን የምንለው። ኬክ የዚያው ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ የእንጀራው ጋዝ ከላይ በስቶ ይወጣል፣ የኬኩ ግን እንዳይወጣ ይፈለጋል። አንድ ቁራጭ ኬክ ወደ ብርሃን አስጠግታችሁ ብታዩት ስፍር ቁጥር የሌላቸው ጥቃቅን ክፍሎች ያሉበት ቤት ሆኖ ታገኙታላችሁ። እያንዳንዱ ክፍል ባዶ ነው፤ የምንበላው ግድግዳውን ነው።

ግድግዳው እንዴት እንደሚቆም ለመረዳት የጭቃ ቤት አሠራርን ማስታወስ ይበቃል። መጀመሪያ እንጨት ይቆማል፣ ከዚያ ይማገራል፣ በመጨረሻ ጭድ የገባበት ጭቃ ይመረጋል። በኬክ ውስጥ ማገሩ ፕሮቲን ነው፦ አንደኛው የእንቁላሉ፣ ሌላው የስንዴ ዱቄት ከውሃ ጋር ሲለወስ የሚፈጥረውና ሊጥን እንደ ላስቲክ የሚያስለጥጠው ግሉተን። ጭቃው ደግሞ ስታርች ነው፤ አጥሚትን የሚያወፍረው ያው የእህል ክፍል። ቅቤና ስኳር ግድግዳውን ያለሰልሳሉ፤ ኬክ ዳቦ ሳይሆን ኬክ የሚባለውም በእነሱ ነው። ሲበዙ ግን ግድግዳው ይላላል።

የጭቃ ቤት እስኪደርቅ ድረስ ቢገፉት ይወድቃል። የኬክ ሊጥም እንዲሁ ነው። የኬኩን ግድግዳ የሚያጸናው ግን ፀሐይ ሳይሆን እሳት ነው። እንቁላል ሲቀቀል እንደሚጠጥር፣ አጥሚትም ሲፈላ እንደሚወፍር፣ ሊጡም ሙቀቱ ከተወሰነ ደረጃ ሲደርስ ይጸናል። ከዚያ በፊት ያለው እያንዳንዱ ደቂቃ የአደጋ ጊዜ ነው።

ክፍሎቹን የሚሞላው ጋዝ ከሦስት ቦታ ይመጣል። አንዱ ቅቤና ስኳር ወይም እንቁላል ስንመታ የምናስገባው አየር ነው። ሁለተኛው ሊጡ ሲሞቅ የሚፈጠረው እንፋሎት ነው። ሦስተኛው ከቤኪንግ ፓውደር የሚወጣ ጋዝ ነው። ቤኪንግ ፓውደር ማለት ቤኪንግ ሶዳና ደረቅ አሲድ በአንድ ላይ የተቀላቀሉበት ዱቄት ነው፤ ውሃና ሙቀት ሲያገኝ በአምቦ ውሃ ውስጥ የሚፍለቀለቀውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። አልፍሬድ በርድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1843 እ.ኤ.አ. ሲቀምመው ምክንያቱ የሚስቱ ሕመም ነበር፤ እርሾ አይስማማትም ነበርና ያለ እርሾ የሚነፋ ዳቦ ሊሠራላት ፈልጎ ነው።

የተጨማደደው ጠርሙስ

ከአዲስ አበባ በመኪና ወደ ድሬዳዋ የወረደ ሰው ይህን ሳያየው አይቀርም። የያዘውን የፕላስቲክ ውሃ እዚህ ጠጥቶ ጨርሶ ክዳኑን ያጠብቃል። አዋሽ ሲደርስ ባዶው ጠርሙስ ማንም ሳይነካው ተጨማድዶ ይገኛል። የታሸገ የድንች ጥብስ ደግሞ ከቆላ ወደ ደጋ ሲወጣ ከረጢቱ ሊፈነዳ እስኪመስል ይወጠራል።

አየር ክብደት አለው። ከላያችን ያለውን አየር እንደ ተደራረበ ጋቢ እንቁጠረው። ከሥር ያለ ሰው ብዙ ጋቢ ይጫነዋል፤ ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የጋቢው ቁጥር ይቀንሳል። በባሕሩ ጠርዝ ያለ የጅቡቲ ነዋሪ አሥር ጋቢ ቢጫነው፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለው የአራዳ ሰው የሚጫነው ሰባት ተኩል ያህል ነው። ጠርሙሱን የጨመደደው ስንወርድ የተጨመረው ጋቢ ነው፤ ከረጢቱን የወጠረው ስንወጣ የተነሳለት ጋቢ ነው።

አሁን ያን ከረጢት አሳንሱት፣ አሳንሱትና በሊጥ ውስጥ ያለች አረፋ አድርጉት። የሚጫናት ስላነሰ በሰፊው ትነፋለች። ጅቡቲ ላይ ሦስት ስኒ የሚሞላ ጋዝ አራዳ ላይ አራት ስኒ ይሞላል። ስለዚህ ለባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር እዚህ ሲገባ ከሁለት ማንኪያ ተኩል በላይ ሥራ ይሠራል። ሁለቱ ወደ አንድ ተኩል ሲወርድ ግን ሂሳቡ ይገጥማል። እትዬ በልምድ የደረሱበት ልኬት ይኸው ነው።

የ92 ዲግሪ ጣሪያ

በምዕራፍ አራት ባቄላና ድንች ደጋ ላይ ለመብሰል ለምን እንደሚዘገዩ ስናይ ምክንያቱን አግኝተነዋል። ውሃ በባሕር ወለል የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ሲሆን አራዳ ላይ ግን 92 ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ እሳት ብንጨምር ውሃው ቶሎ ይተናል እንጂ አይሞቅም።

የኦቨኑ አየር 180 ዲግሪ ከሆነ የትም አገር 180 ነው። የኬኩ ልብ ግን እርጥብ እስከሆነ ድረስ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት አያልፍም፤ ጣሪያው 92 ነው ማለት ነው። እዚህ ላይ ስኳር ይገባል። ስኳር ውሃ ይወዳል፤ ውሃውን ለራሱ ሲይዝ ስታርቹ ለመወፈር፣ እንቁላሉም ለመጠጠር ተጨማሪ ሙቀት ይፈልጋሉ። በተራ ውሃ 60 ዲግሪ አካባቢ መወፈር የሚጀምረው የስንዴ ስታርች በጣፋጭ ሊጥ ውስጥ ከ80 ዲግሪ በላይ ይጠብቃል። ጣሪያው ዝቅ ብሎ፣ ወለሉ ከፍ ብሎ መሐል ላይ የቀረችው ቦታ ጠባብ ናት። ደጋ ላይ ውሃ ቶሎ ስለሚተን ደግሞ ሊጡ ውስጥ የቀረው ስኳር ይበልጥ ይወፍራል።

የሰመጠው ኬኬ ታሪክ እንግዲህ ይህ ነው። አረፋዎቹ ከሚገባው በላይ ፈጥነው ተነፉ፤ ግድግዳው ከሚገባው በላይ ዘገየ። ግድግዳው ሳይጸና አረፋዎቹ እየፈነዱ እርስ በርስ ተቀላቀሉ፣ ጋዙ አመለጠ፣ ጣሪያው ወረደ። ዳር ዳሩ የቆመው ከጋለው ብረት ጋር ስለተነካካ ቀድሞ በመጽናቱ ነው። የወጭት ቅርጽ የተገኘው ከዚህ ነው።

አረፋውን ማዘግየት፣ ግድግዳውን ማፍጠን

መፍትሔውን መሸምደድ አያስፈልግም፤ ሁለት ጥያቄ ብቻ ይዘን እናገኘዋለን። አረፋውን ምን ያዘገየዋል? ግድግዳውንስ ምን ያፈጥነዋል?

አረፋውን ለማዘግየት ከእያንዳንዱ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር ሩቡን እንቀንሳለን። እንቁላል ነጩን ስንመታ ጫፉ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አንጠብቅም፤ መምቻውን ስናነሳው ጫፉ ጎንበስ ሲል ይበቃዋል። መጋገሪያውን ከግማሹ ብዙም ሳናሳልፍ እንሞላለን።

ግድግዳውን ለማፍጠን ከእያንዳንዱ ስኒ ስኳር ሁለት የሾርባ ማንኪያ እንቀንሳለን፤ ለእያንዳንዱ ስኒ ወተት ወይም ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ እንጨምራለን፤ ዱቄቱንም አንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ከፍ እናደርጋለን። ኦቨኑ 180 ይሁን ከተባለ 190 እናደርገዋለን። ሙቀቱ ከፍ ስላለ ኬኩን ከተባለው ሰዓት አምስት ደቂቃ ቀድመን ማየት እንጀምራለን። እንቁላልም በቁጥር ብቻ አይለካም። የፈረንጅ መጽሐፍ “ሦስት እንቁላል” ሲል ትልልቁን ማለቱ ነው፤ የሐበሻ ዶሮ እንቁላል ትንሽ ስለሆነ አራት ያስፈልጋል። ማገሩ እሱ ነውና እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። መጽሐፉ ሁለት ስኒ ፉርኖ ዱቄት፣ አንድ ተኩል ስኒ ስኳር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደርና አንድ ስኒ ወተት ቢል፣ አራዳ ላይ ዱቄቱ ሁለት ስኒ ከሁለት የሾርባ ማንኪያ፣ ስኳሩ ከአንድ ተኩል ስኒ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የጎደለ፣ ቤኪንግ ፓውደሩ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ፣ ወተቱ አንድ ስኒ ከሦስት የሾርባ ማንኪያ ይሆናል።

ከአሜሪካ የሚመጣ “ለከፍታ ቦታ” የሚል ምክርም ቢሆን ለየትኛው ከፍታ እንደሆነ መታየት አለበት። ስሟ በዚህ የሚነሳው ዴንቨር 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በከፍታዋ የምትቀርበው ከአራዳ ይልቅ ለአዳማ ነው።

ካፕኬክ ለምን ይቀላል

ለጀማሪ በካፕኬክ መጀመር የሚበጀው በዚህ ምክንያት ነው። ካፕኬክ ስኒ በምታህል ወረቀት ውስጥ የሚጋገር የአንድ ሰው ኬክ ነው። ከዳሩ እስከ ልቡ ያለው ርቀት ሁለት ጣት ያህል ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ መሐሉ ይደርሳል፤ ግድግዳው ፈጥኖ ይጸናል። ትልቁ ኬክ ላይ አርባ ደቂቃ የሚቆየው የአደጋ ጊዜ እዚህ ከሃያ ደቂቃ ያጥራል። መብራት ቢጠፋ እንኳ የመትረፍ ዕድሉ የተሻለ ነው።

ለፈጠራም ይመቻል። አሥራ ሁለት ካፕኬክ አሥራ ሁለት የተለያየ ሥራ መሞከሪያ ነው። በአረንጓዴ ክሬም ሳር መስሎ የተጎዘጎዘ፣ መሐሉ ላይ በቸኮሌት የተሠራች ጀበና የተቀመጠችበት፤ በአደይ አበባ ቢጫ የእንቁጣጣሽ፤ የመሶብ ስፌት የሚመስል ቀይና አረንጓዴ ጥልፍ ያለው። አንዱ ቢበላሽ አሥራ አንድ ይቀራል።

ታክሲውን ማቆም

ለቅርጽ የሚቆረጥ ኬክ ጠንከር ያለ መሆን አለበት። በእንቁላል አረፋ ብቻ የተነፋ ስፖንጅ ቢላ ሲነካው ይፈራርሳል፤ በቅቤ የተሠራ ጠቅጠቅ ያለ ኬክ ይሻላል። ከተጋገረ በኋላ ሌሊቱን ፍሪጅ ያድራል። ስታርቹና ቅቤው ሲቀዘቅዙ ስለሚጠነክሩ ማለዳ ላይ እንደ ሳሙና በንጹሕ ይቆረጣል።

ታክሲው ሳጥን ስለሆነ ለመጀመሪያ ሥራ ጥሩ ነው። ሃያ ሴንቲ ሜትር ርዝመት፣ አሥር ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ጠፍጣፋ ኬኮች በክሬም ተያይዘው ይደራረባሉ፤ ከፊት በኩል ለመስታወቱ አንድ ዘንበል ያለ ቁራጭ ይነሳል። ከዚያ በላይ ከፍ የሚል ቅርጽ ከሆነ ምሰሶ ይፈልጋል፤ ወፍራም ስትሮ በልኩ ተቆርጦ ታችኛው ኬክ ውስጥ ሲተከል የላይኛውን ጭነት ይሸከማል።

ቀጥሎ ልስን ይመጣል። ቤት ለሳኝ መጀመሪያ ሻካራውን፣ ቀጥሎ ለስላሳውን ይለስናል። ኬክም ሁለት ጊዜ ይቀባል። የመጀመሪያው ስስ ክሬም ፍርፋሪውን ይይዛል፤ ፍሪጅ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ሁለተኛው መልኩ ነው። ሰማያዊውን ስበጠብጥ አንድ ነገር አስደነገጠኝ፤ ክሬሙ አረንጓዴ ሆነ። ቅቤ ቢጫ ነውና ሰማያዊ ሲገባበት ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ቅቤውን ነጣ እስኪል ረጅም ጊዜ መምታትና በመርፌ ጫፍ የምትያዝ ወይን ጠጅ ቀለም ጣል ማድረግ መልኩን መለሰልኝ። ጎማዎቹ በቸኮሌት የተነከሩ ክብ ብስኩቶች ሆኑ።

ክሬሙን በፎንዳንት መተካት ይቻላል። ፎንዳንት ከደቀቀ ስኳር፣ ከግሉኮስና ከጌላቲን ተለውሶ እንደ ጨርቅ የሚዘረጋ የስኳር ሊጥ ነው። ከአየሩ ጋር ያለውን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ ሳይሸፈን ከቆየ ይሰነጣጠቃል። በክረምት እርጥበት እየሳበ ይለሰልሳል፤ ከፍሪጅ ሲወጣ ደግሞ እንደ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ያልበዋል። ስኳር እቤት አፍልቶ ሽሮፕ የሚሠራ ሰውም የምዕራፍ አራትን ሕግ አይርሳ፦ መጽሐፉ 115 ዲግሪ ቢል አራዳ ላይ ስምንት ተቀንሶ 107 ነው።

ያለ እንቁላል የሚቆም ግድግዳ

ልደት ጾምን አይጠብቅም። በጾም ጊዜ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ አይገቡም፤ ከማገሩ ትልቁ ክፍል ተነሳ ማለት ነው። የቀረው የዱቄቱ ግሉተን ብቻ ነው። በዘይት፣ በውሃ፣ በስኳርና በዱቄት የሚሠራ የጾም ኬክ ጋዙን የሚያገኘው ቤኪንግ ሶዳ ከአቼቶ ጋር ሲገናኝ ነው። ለአንድ ተኩል ስኒ ዱቄት አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ የሚል ልኬት እዚህ ወደ ሦስት ሩብ ይወርዳል፤ አቼቶው አንድ የሾርባ ማንኪያ ነው። ሁለቱ እንደተነካኩ ጋዙ መውጣት ስለሚጀምር ሊጡ ሳይውል ሳያድር ኦቨን ይገባል። ግድግዳው ደካማ ነውና የጾም ኬክን ከፍ አድርጎ ከመቆለል ዝቅ ባለ መጋገሪያ ወይም በካፕኬክ መሥራት ያዋጣል። ጌላቲን ከእንስሳት ስለሚገኝ ፎንዳንቱም ይቀራል፤ የደቀቀ ስኳር በሎሚ ጭማቂ ተበጥብጦ ይቀባል።

ደብተር ያዙ

ቶርታ፣ ፉርኖ፣ አቼቶ፣ በንብርብር ስስ ሊጥና በክሬም የሚሠራው ሚልፎሊ ሁሉ የጣልያንኛ ስማቸውን ይዘው የቀሩ ናቸው። ፒያሳ የሚለው ስምም “አደባባይ” ከሚለው የጣልያንኛ ቃል የመጣ ነው። የአራዳ ሰው እነ ኤንሪኮ ኬክ ቤት በር ላይ ተሰልፎ ኬክ ሲገዛ ለትውልድ ቆይቷል። በዚህ ከፍታ ኬክ እያቆሙ የኖሩት የሰፈሩ ጋጋሪዎች ልኬታቸውን የያዙት በእጃቸው ነው።

በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳ አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ ለልማት ፈርሰው ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር ሄደ። እትዬም ሰፈር ቀይረዋል። ቤት ሲፈርስ ፎቶግራፉ ይቀራል፤ በእጅ ብቻ የኖረ ልኬት ግን ባለቤቱ ሲያልፍ አብሮ ያልፋል። “አንድ ተኩል አደረግሁት” ያሉኝ ያን ዕለት በአጋጣሚ ብቅ ስላሉ ነው። ባይመጡ ኖሮ ጥፋቱን በራሴ ላይ አሳብቤ እተወው ነበር፤ ስንቱ ሰው እንዲሁ ትቶት ይሆናል።

ስለዚህ ደብተር ያዙ። የጋገራችሁትን፣ የቀነሳችሁትን፣ የጨመራችሁትን፣ የሰመጠውንም ጭምር ጻፉ። እናቶቻችሁንና ጎረቤቶቻችሁን ጠይቃችሁ ልኬታቸውን ከነምክንያቱ መዝግቡ። በመጀመሪያው ገጽ ራስጌ ላይ ግን ከሁሉ አስቀድማችሁ የምትኖሩበትን ከፍታ አስፍሩ። የእኔ ደብተር “አራዳ፣ 2,400 ሜትር” ብሎ ይጀምራል፤ ሁለተኛው ታክሲ የቆመው በዚያ ልኬት ነው።